200 መለሰልህ ማለት ገብተሃል ማለት አይደለም

ጥያቄ፦ «በየቀኑ አንድ ሳይት ላይ እየገባሁ ሪፖርት አወርዳለሁ። ድግግሞሹ ሰለቸኝና በፓይተን ልገላገለው ብዬ ጀመርኩ። በሪኩዌስትስ ላይብረሪ ዩዘርኔሜንና ፓስወርዴን ወደ መግቢያ ገጹ በፖስት (መረጃ በሚላክበት የጥያቄ ዓይነት) ላክሁ። 200 መለሰልኝ፤ ስለዚህ ገብቻለሁ። ቀጥዬ የሪፖርቱን ሊንክ በጌት (ገጽ በሚጠየቅበት ዓይነት) ስጠይቅ ግን የመግቢያ ገጹን መልሶ ይሰጠኛል። ኦውዝ በሚለው ፓራሜትር ዩዘርኔምና ፓስወርድ ሰጥቼ ሞከርኩ፣ የክሮምን ዩዘር ኤጀንት ገልብጬ ጨመርኩ፣ ያው ነው። ፓስወርዱ ትክክል ነው፤ በብሮውዘር ያስገባኛል። ሳይቱ ቦት መሆኔን አውቆ እያገደኝ ነው? ወደ ሴሌኒየም ልሂድ?»

መልስ፦ ከገለጽከው ስነሳ የታገድክ አይመስለኝም። የሚያግድ ሳይት አብዛኛውን ጊዜ 403 (ክልክል ነው) ወይም 429 (ጥያቄ አበዛህ) ብሎ ፊት ለፊት ይነግርሃል፤ አለዚያም ሰው መሆንህን የምታረጋግጥበት ገጽ ይደቅንብሃል። አንተ ያገኘኸው ተራ የመግቢያ ገጽ ነው። ሰርቨሩ ማን እንደሆንክ አላወቀም፣ በቃ። ብሮውዘርን በኮድ የሚያሽከረክረው ሴሌኒየምም ገና አያስፈልግህም። ጥያቄህ ውስጥ የተሳሳቱ ግምቶች ተደራርበዋልና መጀመሪያ እነሱን እንፍታቸው።

ከ200 እንጀምር። ይህ ቁጥር የሚልህ ሰርቨሩ ጥያቄህን ተቀብሎ ገጽ መልሷል ነው። የትኛውን ገጽ እንደመለሰ አይናገርም። ብዙ ሳይቶች ፓስወርድ ስትሳሳት ያንኑ ፎርም፣ ከላዩ ቀይ ጽሑፍ ጨምረው፣ እንደገና ያሳዩሃል። አብሮት የሚመጣው ቁጥርም 200 ነው። ሲሳካልህ ደግሞ ብዙውን ጊዜ 302 ወይም 303 መልሰው ወደ ሌላ ገጽ ይመሩሃል። ችግሩ ሪኩዌስትስ ይህን ከዓይንህ ይሰውረዋል። ሪዳይሬክቱን (ወደ ሌላ ገጽ የሚመራውን ምላሽ) ራሱ ተከትሎ ይሄድና የመጨረሻውን ገጽ ብቻ ያስረክብሃል። ስለዚህ ቢሳካም 200፣ ባይሳካም 200።

መንገድ ላይ የሆነውን ለማየት የምላሹን ሂስትሪ ፕሪንት አድርግ። ባዶ ሊስት ከሆነ ሪዳይሬክት አልነበረም፤ የላክኸው ፎርም ተቀባይነት አላገኘም ብለህ ብትጠረጥር አትሳሳትም። የመጨረሻውን ዩአርኤልም አብረህ ፕሪንት አድርግ። ከሁሉም በፊት ግን የመጣልህን ጽሑፍ በኤችቲኤምኤል ፋይል አስቀምጠህ በብሮውዘር ክፈተው። ሰው ይህን ሳያደርግ ግማሽ ቀን ኮድ ሲነካካ ይውላል። መልሱ እኮ ብዙ ጊዜ እዚያው ገጽ ላይ ተጽፏል፦ ፓስወርዱ ተሳስቷል፣ የፎርሙ ጊዜ አልፏል፣ ኩኪ አልተፈቀደም።

ሁለተኛው ግምት ይበልጥ ሥር የሰደደ ነው። «አንዴ ከገባሁ ገባሁ» ብለህ ነው የምታስበው። ብሮውዘርና ሰርቨር የሚነጋገሩበት ደንብ፣ ኤችቲቲፒ፣ ግን ትውስታ የለውም። እያንዳንዱ ጥያቄ ለብቻው ይሄዳል፣ ለብቻው ይመለሳል፤ ሰርቨሩ ከአንድ ሰከንድ በፊት ያነጋገረውን ሰው አያስታውስም። ይህን ክፍተት ለመድፈን ነው ኩኪ በ1994 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ኔትስኬፕ በተባለው የብሮውዘር ኩባንያ ውስጥ በሉ ሞንቱሊ የተፈጠረው። ፓስወርድህ ትክክል ሲሆን ሰርቨሩ አንድ ረጅም፣ ሊገመት የማይችል ቁጥር በኩኪ ይልክልሃል። ከዚያ በኋላ ፓስወርድህን ማንም አይጠይቅህም፤ የምትታወቀው በዚያ ቁጥር ነው። በር ላይ መታወቂያ አሳይተህ የምትቀበለው የእንግዳ ባጅ ማለት ነው። ውስጥ የሚያገኙህ ጥበቃዎች የሚያዩት ባጁን ነው።

አንተ ፖስቱንም ጌቱንም በቀጥታ ከላይብረሪው ስም እየጠራህ ከሆነ፣ ሁለቱ ጥያቄዎች አይተዋወቁም። የመጀመሪያው ኩኪ ቢያገኝ እንኳ ሥራው ሲያልቅ ይጥለዋል። ሁለተኛው ባዶ እጁን ይሄዳል። መድኃኒቱ ሴሽን የሚባለው ኦብጀክት ነው። አንድ ሴሽን ትፈጥራለህ፣ ሁሉንም ጥያቄ በእሱ በኩል ትልካለህ፤ ኩኪውን እሱ ይቀበላል፣ እሱ ይዞ ይዞራል። ይህ ብቻውን ችግርህን ሊፈታው ይችላል። እኔ ግን ብቻውን ይበቃል ብዬ አልወራረድም፤ ለምን እንደሆነ ፎርሙ ጋ ስንደርስ ታየዋለህ።

ኦውዝን በአጭሩ እንለፈው። ሪኩዌስትስ ላይ ኦውዝ ብለህ ዩዘርኔምና ፓስወርድ ስትሰጥ የምትጠቀመው ኤችቲቲፒ ቤዚክ የሚባለውን ዘዴ ነው። ይህ ብሮውዘሩ ራሱ ትንሽ ሳጥን ብቅ አድርጎ ስምና ፓስወርድ ለሚጠይቅባቸው ሳይቶች ነው። መረጃው በቤዝ64 ተጽፎ ኦቶራይዜሽን በሚባል ሄደር (ከጥያቄው ጋር የሚሄድ ተጨማሪ መረጃ) ውስጥ ይሄዳል። ቤዝ64 ምስጠራ አይደለም፤ ማንም በአንድ መስመር ኮድ ይመልሰዋል። የራሱ የመግቢያ ፎርም ያለው ሳይት ይህን ሄደር ዞር ብሎም አያየውም። ከኮድህ አውጣው።

አሁን ዋናው ጉዳይ፣ ፎርሙ። እኔ አንድ መስመር ኮድ ከመጻፌ በፊት ብሮውዘሩ ሲገባ ምን እንደሚልክ አያለሁ። አንተም እንደዚያ አድርግ። ኩኪ የሌለበት የግል መስኮት ክፈት። የመግቢያ ገጹ ላይ ሆነህ ኤፍ12ን ተጫንና ኔትወርክ ወደሚለው ታብ ሂድ። ፕሪዘርቭ ሎግ የሚለውን ምልክት አድርግ። ይህቺን ከረሳህ ገጹ ሲቀየር ዝርዝሩ ይጠፋል፤ የምትፈልገው መስመርም አብሮ ይጠፋል። ከዚያ በእጅህ ግባ።

ብዙ መስመር ይወርዳል። ምስሉን፣ ፎንቱን፣ ጃቫስክሪፕቱን እርሳው። ሜተዱ ፖስት የሆነውን ፈልገህ ክፈት። መጀመሪያ የተላከበትን አድራሻ ተመልከት። የመግቢያ ገጹ አድራሻ ነው ብለህ ገምተህ ይሆናል፤ ብዙ ጊዜ ግን ሌላ ነው። ፎርሙ አክሽን በሚለው አትሪቢዩቱ ወደፈለገው ቦታ ሊልክ ይችላል። ቀጥለህ ፔይሎድ የሚለውን ክፈት። አንተ ዩዘርኔምና ፓስወርድ ብቻ ነው የላክኸው። እዚያ ግን አራትና አምስት መስመር ልታገኝ ትችላለህ፦ ኢሜይልህ፣ ፓስወርድህ፣ «አስታውሰኝ» የሚለው ምልክት፣ ከገባህ በኋላ የምትሄድበት ገጽ፣ እና አንድ ትርጉም የሌለው የሚመስል ረጅም የፊደልና የቁጥር ድብልቅ።

ስሞቹን በጥንቃቄ አንብብ። ገጹ ላይ «ዩዘርኔም» የሚል ጽሑፍ ስላየህ የሚላከው ስም ዩዘርኔም ነው ማለት አይደለም። ኢሜይል ሊሆን ይችላል፣ ሎግ ኢን ሊሆን ይችላል፣ በቅንፍ የታሰረ ረጅም ስምም ሊሆን ይችላል። ብሮውዘሩ የሚልከው ኔም የሚለውን አትሪቢዩት ነው፤ አይዲ የሚለውን አይልክም። ሁለቱን ማምታታት የተለመደ ስህተት ነው። የስህተቱ ክፋት ደግሞ ምንም ኤረር አለማምጣቱ ነው። ሰርቨሩ የማያውቀውን ስም ችላ ይለዋል፣ የሚፈልገውን ስም ያጣል፣ ፎርሙን መልሶ ያሳይሃል። ከ200 ጋር።

ያ ረጅም ድብልቅ ጽሑፍ ሲኤስአርኤፍ ቶክን ይባላል። የተፈጠረበት ምክንያት ከአንተ ስክሪፕት ጋር አይገናኝም። ሌላ ተንኮለኛ ሳይት፣ አንተ ሳታውቅ፣ በአንተ ብሮውዘር ፎርም እንዳይልክ ለመከላከል ነው። ሰርቨሩ ፎርሙን ሲሰጥህ ውስጡ በማይታይ መስክ ቶክን ይጨምራል፤ ፎርሙ ሲመለስ ያ ቶክን ከሌለ አይቀበልም። ሳይት የሚሠራባቸው ፍሬምወርኮች የየራሳቸው ስም አላቸው፦ ጃንጎ ላይ ሲኤስአርኤፍ ሚድልዌር ቶክን በሚል ስም ታገኘዋለህ። ላራቬል ላይ ቶክን ብቻ ነው፣ ከፊቱ አንደርስኮር አለበት። ሬይልስ ኦተንቲሲቲ ቶክን ይለዋል። በድሮው ኤኤስፒ ዶት ኔት ዌብ ፎርምስ በተሠራ ሳይት ደግሞ ቪውስቴትና ኢቨንት ቫሊዴሽን የሚባሉ መስኮች ይገጥሙሃል። ቪውስቴት አንዳንዴ በሺህ የሚቆጠር ፊደል ስላለው ሰው ሲያየው ይደነግጣል። መደንገጥ አያስፈልግም፤ የመጣልህን እንዳለ መመለስ ነው።

ቶክኑ ሲጎድል ማን ምን እንደሚል ማወቅም ይጠቅማል። ጃንጎ በነባሪው 403 ይመልሳል፣ ላራቬል 419፣ ሬይልስ 422። ስለዚህ 403 ያየ ሁሉ «ታገድኩ» ብሎ መሮጥ የለበትም፤ ቶክን ረስቶ ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ። ቶክኑን ከብሮውዘር ገልብጠው ኮዱ ውስጥ ይለጥፉታል። አይሠራም። ቢሠራም ነገ አይሠራም። ቶክኑ ከኩኪ ጋር የተሳሰረ ነው፤ የብሮውዘሩ ቶክን ከስክሪፕቱ ኩኪ ጋር አይገጥምም። ትክክለኛው ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ በአንድ ሴሽን መጀመሪያ የመግቢያ ገጹን በጌት ጠይቅ። ያኔ ኩኪም ቶክንም አብረው ይመጡልሃል። ከዚያ በዚያው ሴሽን ፖስት አድርግ። ከገባህ በኋላ ሌላ ፎርም የምትልክ ከሆነም ቶክኑን እንደ አዲስ ከገጹ ላይ አንብብ፤ ለምሳሌ ጃንጎ ስትገባ ቶክኑን ይቀይረዋል።

ቶክኑን ከገጹ ለማውጣት ኤችቲኤምኤል የሚያነበው የፓይተን ላይብረሪ፣ ቢዩቲፉል ሱፕ፣ ይበቃል። ግን አንድ ምክር ልስጥህ፦ ቶክኑን ብቻ ነጥለህ አትፈልግ። ገጹ ላይ ካሉት ፎርሞች መካከል ዓይነቱ ፓስወርድ የሆነ መስክ ያለበትን ፈልግ። ይህን የምልህ ብዙ ገጽ ላይ ከላይ የፍለጋ ፎርም ስላለ ነው፤ «የመጀመሪያውን ፎርም» ያለ ሰው የሚያገኘው እሱን ነው። ከዚያ ፎርሙ ውስጥ ኔም ያላቸውን የኢንፑት መስኮች በሙሉ ከነቫልያቸው ወደ አንድ ዲክሽነሪ ሰብስብ። ምልክት ያልተደረገባቸውን ቼክቦክሶች ዝለላቸው፤ ብሮውዘርም አይልካቸውም። በመጨረሻ ሁለቱን፣ የአንተን ኢሜይልና ፓስወርድ፣ በላያቸው ጻፍ። አክሽኑንም ከገጹ አንብበህ ዩአርኤል ጆይን በሚባለው የፓይተን ፈንክሽን ከገጹ አድራሻ ጋር አጋጥመው። እንዲህ ከሠራኸው ሳይቱ ነገ አንድ የተደበቀ መስክ ቢጨምር ኮድህ ሳይነካ ይቀጥላል። ሙሉ ኮድ ጽፌ የማልሰጥህም ለዚሁ ነው፤ የአንተን ፎርም መስኮች ያላየ ሰው የሚጽፍልህ ኮድ ግምት ነው የሚሆነው።

እስካሁን ያልኩትን ሁሉ አድርገህ 403 ከመጣ ሬፈረር የሚባለውን ሄደር ተመልከት። ጃንጎ በኤችቲቲፒኤስ የመጣን ፎርም ሲቀበል ከየት ገጽ እንደተላከ ያረጋግጣል። ብሮውዘር ይህን ራሱ ይሞላል፤ ሪኩዌስትስ ግን አይሞላም። የመግቢያ ገጹን አድራሻ በሬፈረር ጨምር። ትንሽ ነገር ናት፤ ግን ሌላው ሁሉ ልክ ሆኖ በዚህች ብቻ የሚቀር አለ።

ፔይሎዱን ስትከፍት የፎርም መስኮች ሳይሆን በጥቅልል ቅንፍ የተጻፈ ጄሰን (ፕሮግራሞች መረጃ የሚለዋወጡበት የጽሑፍ ቅርጽ) ካገኘህ ነገሩ ይለያል። ያ ማለት ገጹ ብዙ ጊዜ በሪአክት ወይም በቪዩ ዓይነት የጃቫስክሪፕት መሣሪያ የተሠራ ነው። በጌት የሚመጣልህ ኤችቲኤምኤል ባዶ ቀፎ ነው፤ ፎርሙን የሚፈጥረው ጃቫስክሪፕት ነው፤ ሪኩዌስትስ ደግሞ ጃቫስክሪፕት አያንቀሳቅስም። ቢዩቲፉል ሱፕም የሌለ ፎርም አያገኝልህም። ብዙዎች እዚህ ሲደርሱ ተስፋ ቆርጠው ወደ ሴሌኒየም ይሄዳሉ። እንደ እኔ ይህኛው ከሌላው ይቀላል። ጃቫስክሪፕቱ የሚልከውን ጄሰን ወደዚያው አድራሻ ራስህ ላክ። ስትልክ ግን ዴታ በሚለው ሳይሆን ጄሰን በሚለው ፓራሜትር ይሁን። ዴታ ካልክ እንደ ፎርም ይሄዳል፣ ሰርቨሩም አይገባውም። ምላሹ ውስጥ ቶክን ካለ በሚቀጥሉት ጥያቄዎች ኦቶራይዜሽን ሄደር ላይ ቤረር የሚለውን ቃል አስቀድመህ ታስገባዋለህ። ሪፖርቱም ብዙ ጊዜ በጄሰን ስለሚመጣ ከኤችቲኤምኤል ጋር መታገል ይቀርልሃል።

ዩዘር ኤጀንትን (ጠያቂው ፕሮግራም ራሱን የሚያስተዋውቅበትን ሄደር) በተመለከተ፦ ሪኩዌስትስ ካልነገርከው በስተቀር ስሙን ከነቨርዥኑ ይናገራል። አንዳንድ ሳይት ይህን አይቶ ይመልሰዋል፤ ሲመልስ ግን ብዙ ጊዜ በ403 ነው። አንተ ጋ ያ ምልክት የለም። ደግሞም የክሮምን ስም ስለለበስክ ክሮም አትሆንም። ጠንካራ መከላከያ ያላቸው ሳይቶች ግንኙነቱ ሲመሠረት ከሚታየው የቲኤልኤስ (የምስጠራ ስምምነት) አጀማመር ጀምሮ ልዩነቱን ያውቃሉ። በዚያ መንገድ ድብብቆሽ መጫወት ማለቂያ የለውም፤ አልመክርህም።

አሁን መግባትህን በምን ታረጋግጣለህ? በ200 እንደማይሆን ተግባብተናል። «ውጣ» የሚለው ሊንክ ገጹ ላይ መኖሩን ማየት ጥሩ ነው። የአንተ ስም መኖሩን ማየትም ጥሩ ነው። ግን አንተ የምትፈልገው ሪፖርቱን አይደል? እንግዲያው ሪፖርቱን ራሱን ፈትሽ። የምላሹን ኮንተንት ታይፕ ተመልከት። ፒዲኤፍ ወይም ሲኤስቪ ጠብቀህ ኤችቲኤምኤል ከመጣ አልተሳካም፤ ስክሪፕቱ ፋይሉን ሳያስቀምጥ እዚያው ይቁም። ይህ ፍተሻ የሌለው ስክሪፕት የሚሠራው ጥፋት ይገርማል። የመግቢያ ገጹን በኤክሴል ፋይል ስም በየቀኑ ሲያስቀምጥ ይከርማል። ሰው ከሳምንታት በኋላ ሊከፍተው ሲል ኤክሴል «ፋይሉ ተበላሽቷል» ይለዋል። ፋይሉን በጽሑፍ ኤዲተር ብትከፍተው የመጀመሪያው መስመር ላይ ዶክታይፕ ኤችቲኤምኤል ይልሃል። አልተበላሸም፤ መጀመሪያውኑ ሪፖርት አልነበረም።

ሴሌኒየምና ፕሌይራይት ቦታ አላቸው። ሴሌኒየም ከ2004 ጀምሮ አለ፣ ፕሌይራይትን ማይክሮሶፍት በ2020 አወጣው፤ ሁለቱም እውነተኛ ብሮውዘር ያሽከረክራሉ። ጃቫስክሪፕቱ ከመላኩ በፊት አንድ ነገር የሚያሰላ ከሆነ፣ ወይም መግቢያው ብዙ ገጽ የሚያዞር ከሆነ፣ እነሱን መጠቀም ያዋጣል። ዋጋቸው ግን አለ። ቀርፋፋ ናቸው፣ ሜሞሪ ይበላሉ፣ ሳይቱ የአንድ በተን ቦታ ሲቀይር ይሰበራሉ። ዛሬ ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብትለኝ ፕሌይራይትን እላለሁ፤ መስኩ እስኪታይ ራሱ ስለሚጠብቅ በየመስመሩ «አምስት ሰከንድ ተኛ» እያልክ አትጽፍም። የገባህበትን ሁኔታ በስቶሬጅ ስቴት ፋይል ያስቀምጥልሃል። ከዚያ ፋይል ኩኪዎቹን ወስደህ የቀረውን ሥራ በሪኩዌስትስ መጨረስ ትችላለህ። የእነሱም ዘዴ ቢሆን ኩኪውን ማግኘት ነው፤ ሌላ ምትሃት የለውም።

ወሰኑን ደግሞ ልንገርህ። ካፕቻ (ሰው መሆንህን የሚፈትን እንቆቅልሽ) ካለ ቁም። ባለቤቱ «እዚህ ማሽን አልፈልግም» ብሎ የጻፈው ነው፤ ማለፊያ መንገድ ከእኔ አትጠብቅ። ሁለተኛ ማረጋገጫ ካለ፣ በስልክ አፕ የሚመጣው ባለ ስድስት አሃዝ ኮድ በየ30 ሰከንዱ ከአንድ ምስጢራዊ ቁልፍ የሚሰላ ስለሆነ ፓይተንም ሊያሰላው ይችላል። ግን ቁልፉን ከፓስወርዱ ጎን አንድ ማሽን ላይ ካስቀመጥክ ሁለተኛው ማረጋገጫ ሁለተኛ መሆኑ ቀረ። መግቢያው «በጉግል ግባ» የሚል ከሆነም በስክሪፕት አትሞክረው። ጉግል በአውቶሜሽን የሚነዳ ብሮውዘርን ሊያግድ እንደሚችል በግልጽ ይናገራል፤ አካውንትህንም ለማይረባ ጥርጣሬ ታጋልጠዋለህ።

የሳይቱን የአጠቃቀም ውልም አንብብ። የራስህ አካውንት መሆኑ አውቶሜሽንን ለሚከለክል ውል መልስ አይሆንም። አካውንቱ የመሥሪያ ቤትህ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ጠይቅ።

ስለ ፓስወርድ አያያዝ ጠንከር ብዬ ነው የምናገረው። ኮድ ውስጥ አትጻፈው። የኮድ ለውጥ ታሪክ በሚይዘው ጊት ላይ አንዴ ኮሚት ከተደረገ (ከተመዘገበ) በኋላ በሚቀጥለው ኮሚት ብታጠፋው ታሪኩ ውስጥ አለ። ገብቶ ከሆነ ማጥፋቱን ተወውና ፓስወርዱን ቀይር። በኢንቫይሮንመንት ቫሪያብል (ከኮዱ ውጭ በሲስተሙ ላይ በሚቀመጥ እሴት) አስገባው፤ ወይም ኪሪንግ በሚባለው ላይብረሪ በኦፐሬቲንግ ሲስተሙ የፓስወርድ ማስቀመጫ ውስጥ አኑረው። የሰርተፍኬት ስህተት ሲመጣ ቬሪፋይን ፎልስ አድርግ (የሰርተፍኬት ማረጋገጫውን አጥፋ) የሚል ምክር ታገኛለህ። አትስማ። ያን ካደረግክ ፓስወርድህን ለማን እንደምትሰጥ ሳታውቅ ነው የምትሰጠው።

ስክሪፕቱ በየቀኑ የሚሠራ ከሆነ በሠራ ቁጥር እንደ አዲስ አያስገባው። ኩኪውን በፋይል አስቀምጥ፤ መጀመሪያ በእሱ ሞክር፤ ሳይቱ ወደ መግቢያ ገጽ ከመለሰህ ብቻ ግባ። ለዚህ ፓይተን ራሱ ውስጥ ያለው የኩኪ ጃር ይበቃል። ሴቭም ሎድም ስታደርግ ኢግኖር ዲስካርድ የሚለውን ትሩ ማድረግ አትርሳ፤ ካልሆነ ብሮውዘር ሲዘጋ እንዲጠፉ የታሰቡት ኩኪዎች አይቀመጡም፤ አንተን የሚያሳውቀውም ኩኪ ብዙ ጊዜ ከእነሱ አንዱ ነው። ያንን ፋይል እንደ ፓስወርድ ጠብቀው። እሱን ያገኘ ሰው ፓስወርድም ሁለተኛ ማረጋገጫም ሳይጠየቅ አንተን ሆኖ ይገባል።

ሎግ ኢኑን ደግሞ «እስኪሳካ ድገም» በሚል ሉፕ ውስጥ አታስገባው። ጥቂት ጊዜ ሲሳሳት አካውንትህ ሊቆለፍ ይችላል። አንዴ ካልተሳካ ይቁም፣ ለአንተ ያሳውቅ። ታይምአውትም ስጠው፤ ሪኩዌስትስ ካልነገርከው በስተቀር ገደብ የሌለው ጥበቃ ነው የሚጠብቀው። ሌሊት ላይ የተንጠለጠለ ስክሪፕት ጠዋት ተንጠልጥሎ ይጠብቅሃል።

ምን ታድርግ ላልከው፦ ዛሬ ኮድ አትጻፍ። መጀመሪያ አካውንትህ ሴቲንግ ውስጥ ግባና ኤፒአይ (ፕሮግራሞች መረጃ የሚጠይቁበት በር) ወይም አክሰስ ቶክን (በፓስወርድ ምትክ የሚሰጥ ቁልፍ) የሚል ነገር ፈልግ። ሪፖርቱን በየጊዜው በኢሜይል ላክልኝ የሚል ምርጫ መኖሩንም እይ፤ ካለ ይህ ሁሉ ጣጣ ቀረልህ። ካጣህ ለድጋፍ ክፍሉ ጻፍላቸው። ትልልቆቹ ከተራ ፓስወርድ የወጡት ቆይተዋል። የኮድ ማስቀመጫው ሳይት ጊትሀብ በኤፒአዩ ላይ ፓስወርድ መቀበል ያቆመው በኅዳር 2020 ነው፣ ለጊት ሥራዎች ደግሞ በነሐሴ 2021፤ ጉግልም በ2022 ጂሜይልን በፓስወርድ ብቻ ለሚከፍቱ አፖች በሩን መዝጋት ጀምሯል፤ እነዚህ ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ቶክን የሚሻለው መብቱን መገደብ ስለምትችል ነው፤ ሪፖርት ከማንበብ ውጭ ምንም እንዳያደርግ ታደርገዋለህ፤ ከጠፋብህም ፓስወርድህን ሳትነካ እሱን ብቻ ትሰርዘዋለህ።

ኤፒአይ ከሌለና ውሉ ካልከለከለህ በአንድ ሴሽን፣ ጌት ቀድሞ ፖስት ተከትሎ፣ ፎርሙን እንዳለ ሰብስበህ፣ ሪፖርቱን በኮንተንት ታይፕ ፈትሸህ ሂድ። ፕሌይራይትን ለመጨረሻ አቆየው።

ይህም ሆኖ ካቃተህ መልሰህ ጻፍልኝ። የምፈልገው የሂስትሪውን ስታተስ ኮዶች፣ የመጨረሻውን ዩአርኤል፣ ብሮውዘሩ የሚልካቸውን መስኮች ስም እና የአንተ ስክሪፕት የላካቸውን መስኮች ስም ነው። ስሞቹን ብቻ። ፓስወርዱን፣ የኩኪውን ቁጥርና ቶክኑን አጥፋ። ከኔትወርክ ታብ የሚወርደውን ሃር ፋይልም እንዳለ ለማንም አትላክ፤ እነዚህ ሁሉ ውስጡ ሊኖሩ ይችላሉ።